እሳት እያለው ያልተነሳው መጋዝ

አስናቀ፣ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅህ። አንተ የመጣኸው ስለ ወንድምህ ልትጠይቀኝ ነው፤ እኔ የምነግርህ ስለ መጋዝ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከቅዱሳን ሕይወት መጥቀስ ሲገባው ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ምሳሌ ይዞ መቀመጡ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። እናንተም አብራችሁ የተቀመጣችሁ ሽማግሌዎች ይቅር በሉኝ። የተሻለ ፈልጌ አጣሁ።

ያልከኝ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እናታችን ዓይኗን ሳትከድን ከወንድሜ ልታረቅ ብዬ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። በግ አረድሁ። የተጣላንበትን መሬት እንኳ ተውኩለት። እሱ ግን እምቢ አለ። ምን ጎደለኝ?»

አንድ ሰው ነበረ። የሞተር መጋዝ ነበረው። በአገሩ ሌላ የሞተር መጋዝ ስላልነበረ ሰውየው ከመጋዙ በላይ ይጮኽ ነበር።

በጎረቤቱ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ጥጥ ፈትላ የምታድር። በክረምቱ ዝናብ ከቤቷ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ሥሩ ለቀቀና ወደ ጣሪያዋ ዘመመ። ጎረምሶች መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ ሰውየው መለሳቸው። «እኔ እያለሁ መጥረቢያ? ልታዋርዱኝ ነው? ነገ ቆሎ ተቆልቶ ሳይበርድ አጋድመዋለሁ» አለ፤ በሰው ፊት።

ችግሩ መጋዙ ታሞ ነበር። ፒስተኑ ተበልቷል። በማግስቱ ጠዋት ከከተማ ያስመጣውን አዲስ ፒስተን ራሱ ሊገጥም ደጁ ላይ ፈታው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ውይ፣ ሆዱ እንዲህ ነው እንዴ!» እያለ ያደንቃል። ሰውየው ደግሞ የሰው ዓይን ይፈራል። ወተት ሲታለብ ይሸፈን የለም? እሱም ከጋቢው ጫፍ እየቀደደ የሞተሩን ቀዳዳዎች ጠቀጠቀ፤ ዓይንም አቧራም እንዳይገባ። ሲገጥም ጨርቁን እየነቀለ መሬት ላይ ጣለና የማስነሻውን ገመድ ሳበ።

አልተነሳም።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ገመዱን ሲስብ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። «እሳት አለው» አለ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ከደነ፤ ገመዱ ሲሳብ ጣቱ ተገፋ። «ትንፋሽ አለው» አለ። ካንዴላውን አሸተተና «ነዳጅም ደርሶታል፤ ርሷል» ብሎ ጨመረ። አንድ መሪጌታ በዚያ ሲያልፉ ቆሙና፣ ነገሩን ሳያጣሩ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰውየው ትከሻው እስኪያብጥ ሳበ። አንድ ጊዜ ብቻ መጋዙ «እህ» አለና ዝም አለ፤ ሊመሰክር ተነስቶ ባለጉዳዩ ዘመዱ መሆኑ ትዝ እንዳለው ሽማግሌ።

«እሳት አለው፣ ነዳጅ አለው፣ ትንፋሽ አለው። ታዲያ ምን ነካው?» አለ ሰውየው፤ ዓይኑ ፈጠጠ። እንደገና አዩት። ሹፌሩ የሚያውቀው እሳት ነውና እሳቱን አየ። ባለ ወፍጮው ትንፋሹን ለካ። ሁሉም ልክ ነው። ሁሉም ልክ በሆነ ቁጥር ግራ መጋባታቸው ባሰ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ዛፉ ሲጢጥ አለ። ሴትየዋ አልጋዋንና ዶሮዎቿን አውጥታ ስታበቃ መጣች።

«ጋሼ፣ መጥረቢያው ይምጣ?»

«ታገሺ እንጂ! ሁሉም ልክ ነው አልኩሽ!»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለዛፉ ይንገሩት።»

ይህን ብላ ትኩር ብላ አየችው። መጋዙን አይደለም፤ ሰውየውን።

«ጋቢዎ ሦስት ቦታ ተቀዷል» አለች። «መሬት ላይ ያለው ቁራጭ ሁለት ነው። ሦስተኛውን ማን ለበሰው?»

«ሰው ተጨንቆ አንቺ የጋቢ ወግ ታወሪያለሽ!» ብሎ ተቆጣ። ሹፌሩ ግን የጭስ ማውጫውን ክዳን ፈታ። ሦስተኛው ቁራጭ እዚያ ጉሮሮው ውስጥ ጠቁሮ ተወትፏል። ነቀሉት፤ ካንዴላውን አደረቁ። በሁለተኛው ስበት መጋዙ አገሩን አናወጠው። ዛፉን በገመድ ወደ ጎን እየሳቡ ቆረጡት፤ በጎመኗ ላይ ወደቀ። ቤቷ ተረፈ።

አሁን ስማኝ፣ አስናቀ። «እኔ መጋዝ ነኝ እንዴ?» ትለኝ ይሆናል። አይደለህም፤ መጋዝ ሲነቅሉለት ይነሳል፣ የአንተን ገና አላየነውም። ሽማግሌ መላክህ እሳት ነው፤ በጉ ነዳጅ ነው፤ መሬቱን መተውህ ትንፋሽ ነው። ያስገባኸው ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን በአባታችሁ ተዝካር ላይ ወንድምህን «ሌባ» ያልከው አንተ ነህ፤ ሰው ሞልቶ። እስከ ዛሬ «አጥፍቻለሁ» የሚለው ቃል ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። ክብርህን ዓይን እንዳይበላው ብለህ መውጫውን ራስህ ወትፈኸዋል። እኛም ሽማግሌዎቹ የምናውቀውን እሳት እያየን ከረምን። ሽማግሌ አትላክ፤ በግ አትጎትት። ራስህ ሄደህ ያንን ቃል አውጣ። እናትህ አልጋ ላይ ናት፤ ነፋሱም ተነስቷል።

እናንተ ደግሞ አደራችሁን፣ ይህን ነገር ለማንም እንዳታወሩ። ሹፌሩ አገር ለቋል፤ ባለ ወፍጮውም ነፍሱን ይማረውና ሞቷል፤ ሴትየዋም ለጎመኗ ካሳ ተቀብላ ዝም ልትል ምላልኛለች። የቤቴ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያውቁት ጥፋቱ የካንዴላው እንደነበር ነው።