ድስት የጣደ ይመርጣል

ብዙ እንጨት ነዶ ምንም ላልበሰለበት ጉዳይ የምትጠቀስ አንዲት አባባል አለች። የተወለደችው ግን እኛ ምድጃ ላይ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር፣ ዊክባሮ በምትባል ጭቃማ ከተማ ነው።

የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በዊክባሮ ድምፅ የሚሰጠው በራሱ ምድጃ የራሱን ድስት የጣደ ወንድ ብቻ ነበር። የሰው ማዕድ የሚጠብቅ አይመርጥም። የከተማዋ ባላባት ሰር ኦርላንዶ የፓርላማ ወንበሩ ሊያመልጠው ሆነ። ጋጣው ውስጥ የሚያድሩ፣ ከወጥ ቤቱ የሚበሉ ብዙ ሎሌዎች ነበሩት። ምን አደረገ? በጋጣው ግድግዳ ሥር ለእያንዳንዳቸው ምድጃ አስሠርቶ ድስት አደላቸው።

"ሥጋውስ ጌታዬ?" አለ ኦባዲያ የሚባለው ፈረስ ጠባቂ።

"ካሸነፍን በኋላ። ለጊዜው ውሃ ይበቃል።"

በምርጫው ቀን ተፎካካሪው "እነዚህ ሎሌ እንጂ አባወራ አይደሉም" ብሎ አቤት አለ። የምርጫው ዳኛ የሰር ኦርላንዶን ዝይ በልቶ፣ ቀበቶውን አላልቶ ሊያጣራ መጣ። የኦባዲያን ድስት ሲከፍት ታቢታ የሚባሉ ባልቴት ማንኪያ ይዘው ከኋላው ብቅ አሉ።

"እስቲ ልቅመሰው።"

"እማማ፣ ሕጉ ያፍላ ይላል እንጂ ይብላ አይልም።" ዳኛው ወደ ኦባዲያ ዞረ። "ምድጃው የራስህ እንደሆነ፣ የማንንም ማዕድ እንደማትጠብቅ ትምላለህ?"

ኦባዲያ ሥጋውን እያሰበ መጽሐፍ ቅዱሱን መታ። የቀሩትም ተከትለውት ማሉ።

"ልጄ፣ ነገ ምን ልትበላ ነው?" አሉት ታቢታ።

"አባወራ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፣ እማማ።"

ሰር ኦርላንዶ አሸነፈ፤ ወዲያው ሰረገላው ላይ ወጥቶ ወደ ለንደን ፈረጠጠ። ሎሌዎቹ ሲርባቸው እንደ ልማዳቸው ወደ ወጥ ቤቱ ጎረፉ። ወጥ ሠሪዋ ጭልፋዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ወዴት ነው፣ አባወሮች?"

"እራት ልንበላ ነዋ።"

"የማንንም ማዕድ አንጠብቅም ብላችሁ ማልታችሁ የለም እንዴ? ካበላኋችሁ መሐላው ሐሰት ይሆንና እናንተ እስር ቤት፣ ጌታዬም ከወንበራቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቁራሽ እንዳትሰጪ ብለውኛል።"

"ሥጋውስ?"

"ለንደን ሄዳችሁ ጠይቁ።" በሩን ዘጋችው።

ኦባዲያ ተመልሶ ምድጃው ፊት ቁጢጥ አለ። ድስቱ አሁንም እንደ ጉድ ይፈላል። ታቢታ መጥተው ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡትና ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ።

"አየህ ልጄ፣" አሉት፣ "ውሃ ቢንተከተክ ወጥ አይሆንም።"