ጭራ ማሳ ያልደረሰው ሯጭ

አንድ ወንዝ ጠልፎ በመስኖ የሚኖር መንደር ነበር። መንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ቦዩ ግን አንድ ነው። በጋ ሲገባ ውሃው ከላይ ቤት ጓሮ ተነሥቶ የሰዉን ሽንብራና ሽንኩርት እያጠጣ ታች ቤትን ያልፍና ከጋራው ጀርባ ባለ አንድ ማሳ ላይ ያልቃል። ያንን ማሳ ሰዉ «ጭራ ማሳ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ቁልቋል ነው።

ውሃ የሚካፈል ሰው መቼም ጠብ አያጣውም። አባቶች ይህን ስላወቁ አንድ ሥርዓት አበጅተው ነበር። በየዓመቱ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ሁሉ ባዶ ሲሆን፣ ከላይ ቤት አንድ፣ ከታች ቤት አንድ ጎልማሳ ይሮጣሉ። ያሸነፈው የዓመቱ የውሃ አባት ይሆናል፤ ተራ የሚሰጠው፣ ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። የሩጫው መንገድ ከገበያው ሜዳ ይነሣና ቦዩን ተከትሎ በእያንዳንዱ ማሳ ዳር ያልፋል። ከዚያ ጋራውን ዞሮ ጭራ ማሳን ረግጦ፣ በወንዙ በኩል ያለውን ዳገት ወጥቶ ወደ ሜዳው ይመለሳል።

እንግዳ ሰው «ምነው ይህን ያህል ታዞሯቸዋላችሁ?» ብሎ ከጠየቀ ሽማግሌዎቹ መልስ አላቸው። «ውሃ የሚያከፋፍል ሰው፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚሄድ በእግሩ ይወቀው» ይላሉ። ጭራ ማሳ ላይ የሚቆመው ምስክርም ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ የማሳው ባለቤት ራሱ ነው። ሯጩ እዚያ መድረስ አለመድረሱ ከእሱ በላይ የሚያስጨንቀው ሰው ከየት ይመጣል?

አባቶቻችን ብልህ ነበሩ። የሰውን ሆድ ግን አላወቁትም።

በዚያ ዘመን የጭራ ማሳው ባለቤት አያ ሽባባው የሚባል የታች ቤት ገበሬ ነበር። ክረምቱ ቀልዶበት ዝናቡ ቶሎ ወጣ፤ ጤፉም ፍሬ ሳይይዝ ደረቀ። ለእሱ፣ ለሚስቱ ለእናንዬና ለልጆቹ የቀረች ተስፋ አንድ ብቻ ነበረች፤ በጓሮው ያፈላው የሽንኩርት ችግኝ። ጭራ ማሳ ላይ ተክሎ ውሃ ካገኘ ዓመቱን ይወጣዋል። ውሃ ካጣ ደግሞ የሰው ደጅ ይጠናል።

በዚያ ዓመት ለላይ ቤት የሚሮጠው ይስማው ነበር። ይስማው ደጋግሞ የውሃ አባት ሆኗል፤ በአድልዎ የሚያማው ሰው አልነበረም። አያ ሽባባውም ቢሆን ሆድ ሲብሰው «የላይ ቤት ሰው ሁልጊዜ ይግዛን?» ይላል እንጂ ማሳው በይስማው ዘመን ተጠምቶ አያውቅም። ለታች ቤት የሚሮጠው ደግሞ ደምለው ነው፤ የአያ ሽባባው የእህቱ ልጅ።

የሩጫው ቀን አያ ሽባባው በማሳው ራስ ላይ ካለው ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ይስማው ላቡ እየተንጠፈጠፈ ጋራውን ዞሮ መጣ። ድንጋዩን በእግሩ ነካና «እንደምን ዋልህ፣ አያ ሽባባው!» ብሎ ሳይቆም ወደ ወንዙ ወረደ። ደምለው ግን የለም። አያ ሽባባው ጨነቀውና ከፍ ካለው ቦታ ላይ ወጥቶ አየ። ደምለው ጋራውን መዞሩን ትቶ፣ ፍየል በሚወርድበት ገደል በኩል አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ተያይዞታል።

መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ ተናደደ። ከዚያ ደግሞ አሰበ፤ ማሰቡ ነው የጎዳው። «ልጁ የእኛ ነው» አለ በልቡ። «እሱ ካሸነፈ ውሃው እጃችን ገባ ማለት አይደል?»

ሜዳው ላይ ሲደርስ የታች ቤት ሴቶች እልልታውን ያቀልጡታል፤ ደምለው በሰው ትከሻ ላይ ነው። ይስማው ብቻውን ቆሞ «ጭራ ማሳ ላይ ከፊቴም ከኋላዬም ሰው አላየሁም» ይላል። ጫጫታ ሆነ፤ ዱላ የነቀነቀም አልጠፋ። የአገሩ ሽማግሌ አባ ክንዱ እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙና ምስክሩን ወደ መሐል ጠሩት።

«ሽባባው፣ ማሳው ያንተ ነው፤ ያየውም ያንተ ዓይን ነው። ደምለው ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

የታች ቤት ሰው ሁሉ ዓይኑን ተከለበት። እህቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየዋለች። አያ ሽባባው ማተቡን ያዘ።

«ደርሷል» አለ። «ቀድሞ የደረሰውም እሱ ነው።»

እልልታው እንደገና ቀለጠ። ይስማው አልተሟገተም። ጋቢውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለና በአጠገቡ ሲያልፍ ቀስ ብሎ «አያ ሽባባው፣ ለራሴ ብዬ እኮ አይደለም» አለው። አያ ሽባባው መሬት መሬት አየ።

ያን ቀን በታች ቤት ጠላው እንደ ጉድ ተጠጣ፤ አያ ሽባባውም የክብር ቦታ ተሰጠው። «ወንድ ማለት እንዲህ ለወገኑ የሚቆም ነው!» ተባለለት። ቤቱ ሲገባ እናንዬ «እውነት ደርሶ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አለና አለፋት።

በጋው ገባ። ቦዩ ተከፈተ። ደምለው መጀመሪያ የራሱን ማሳ አጠጣ፤ ቀጥሎ የአማቾቹን፣ ቀጥሎ በትከሻቸው የተሸከሙትን ሰዎች። ላይ ቤትም ቢሆን ለቦዩ አፍ ቅርብ ስለሆነ ብዙ አልተጎዳ። ውሃው ጋራው ጥግ ሲደርስ ግን ይከስማል። አያ ሽባባው ችግኙን ተክሎ መጠበቅ ያዘ። «የመጨረሻ ማሳ ነው፤ ተራዬ ይደርሳል» እያለ እናንዬን ያጽናናታል። እሷ ደግሞ ከወንዝ በእንስራ እየቀዳች፣ ዳገቱን እያቃሰተች፣ አንዷን መደብ ስታረጥብ ሌላዋ ትደርቅባታለች። ቦይ እያለው በእንስራ የሚያጠጣ ገበሬ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

ሽንኩርቱ ቢጫ መሆን ሲጀምር አያ ሽባባው ወደ ደምለው ሄደ። የውሃ አባቱን ከቦዩ ዳር ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኘው።

«ልጄ፣ ውሃው እኔ ዘንድ አልደረሰም።»

«ከፈትሁልህ እኮ፣ አጎቴ። ትናንትም ከፍቼልህ ነበር።»

«የከፈትኸው እስከ ጋራው ነው፤ እዚያ አፈሩ ጠጥቶት ይቀራል። ጋራውን ዞሮ እስኪደርስ ግማሽ ቀን መልቀቅ አለብህ። ይስማው እንደዚያ ነበር የሚያደርግ።»

ደምለው ከልቡ ሳቀ። «ይህን ያህል ይርቃል እንዴ? በምን ልወቀው፣ ደርሼበት አላውቅ!»

ክፋት አልነበረበትም፤ የቤተ ዘመድ ቀልድ ነው ያሰበው። ክፉ ቃል ቢሆን እኮ አያ ሽባባው ይጣላው ነበር።

«እንግዲያው ተነሥና አብረን እንሂድ። እየው።»

«በዚህ ፀሐይ? ደግሞስ ለአንድ ማሳ ግማሽ ቀን ብለቅ ይኼ ሁሉ ሰው አይጮህብኝም? አንተ ሥጋዬ ነህ። አንተ ካልታገሥኸኝ ማን ይታገሠኛል?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አያ ሽባባው ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጠ። አባ ክንዱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«የውሃ አባቱ ጭራ ማሳን አያውቀውም ነው የምትል?»

«አዎን አባ፤ ርቀቱን አያውቀውም።»

«እንዴት አያውቀውም? በእግሩ ሮጦ ደርሶበታል። ማተብህን ይዘህ የመሰከርህ አንተ ነህ። ወይስ ያን ቀን አልደረሰም?»

አያ ሽባባው «አልደረሰም» ቢል በሐሰት የማለ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ለጋብቻም ለሽምግልናም የሚፈልገው የለም፤ እህቱም ደጁን አትረግጥም። «ደርሷል» ቢል ሽንኩርቱ ሄደ። አባ ክንዱ ዓይኑን እያዩ ጠበቁት። እውነቱን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ግን ከእሱ አፍ እንዲወጣ ፈለጉ።

«ደርሷል» አለ አያ ሽባባው።

«እንግዲያው ያውቀዋል። ሂድና ተራህን ጠብቅ።»

ተራው ሳይደርስ ሽንኩርቱ አለቀ። እናንዬ የደረቀውን ለከብት ብላ ስትነቅል፣ ይስማው እንደ ልማዱ ማለዳ የሚሮጥበትን መንገድ ይዞ ጋራውን ዞሮ መጣ። የውሃ አባትነቱን ቢቀሙትም ያንን መንገድ አልተወውም። ማሳውን ሲያይ ቆመ፤ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ «እግዜር ያበርታሽ» አላትና ቀስ ብሎ እየተራመደ አለፈ። አያ ሽባባው እሱ እስኪርቅ ድረስ ከቁልቋሉ ጀርባ ተደብቆ ቆየ።

ሲወጣ «የእህቴ ልጅ ጉድ ሠራኝ! ሥጋዬ ነው ብዬ አምኜው!» እያለ ይራገም ጀመር።

እናንዬ ቀና ብላ አየችው። «ደምለው ምን አጠፋ?» አለች። «እሱ አንድ ቀን ነው ዘሎን ያለፈው። ማሳችንን ከመንገዱ ያወጣኸው አንተ ነህ።»

በዚያ ዓመት አያ ሽባባው ቤተሰቡን ይዞ የሰው ሽንኩርት ሲኮተኩት በጋውን ጨረሰ። ኮትኩት ያሉትም በትከሻቸው ደምለውን የተሸከሙት ሰዎች ናቸው።

ወገኔ ሆይ፣ የእኛ ሰው ነው ብለን እኛ ዘንድ ሳይደርስ «ደርሷል» ያልንለት ሰው፣ የተጠማን ቀን ያለንበትን አያውቀውም። አባቶች መንገዱን ያስረዘሙት ሯጩን ለማድከም አልነበረም፤ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰው እንዳይረሳ ነው። እኛ ግን አሸናፊው ከማን ወገን እንደሆነ እንጂ በየት በኩል እንደሮጠ አንጠይቅም። ከዚያ ውሃው ሲቀርብን ሰማይ እናማርራለን።

እርስዎስ? አቋርጦ ሲያልፍ እያዩት «ደርሷል» ብለው የመሰከሩለት ሰው የለም? ማሳዎ ዘንድሮ ውሃ አገኘ?