ለአንድ ስፌት የተዋሰችው ሌንስ

አንዲት ፍላጎት ነበረች። በጣም ትንሽ ስለነበረች ማንም መንገድ አልለቀቀላትም። መንገድ ስላጣች ከሱቅ ሱቅ፣ ከሰው ሰው ስትዞር ሰነበተች። የዞረችበትን ልንገራችሁ፤ ስደጋግም እንዳትሰለቹኝ እንጂ።

ደሴ ውስጥ ሐያት የምትባል ልጅ ነበረች። ልጅ ስል ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ ድምጿ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ አንባቢ መጽሐፍ ሲጠይቃት መልሷን ለመስማት ጎንበስ ይላል። አባቷ ይመር ልብስ ሰፊ ነው። ደረጃ ሥር ባለች፣ አንድ መስኮት ብቻ ባላት ሱቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰፍቷል። አሁን ግን ቅዳሜ ሱቁን ሊዘጋ፣ እሑድ ደግሞ ኮምቦልቻ፣ ታላቅ ወንድሟ ቤት ሊገባ ነው። ለምን ሲባል "ደክሞኛል" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ሐያት የፈለገችው አንድ ፎቶ ነው። አባቷ ሲሰፋ ብቻ የሚያወጣት ፊት አለች። ከንፈሩ ላይ ስፒል ይዞ፣ ጨርቁ በእጁ ሥር ሲያልፍ፣ ለራሱ ብቻ ፈገግ የሚልባት ፊት። ከእናቷ የቀረላት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ማኅተሙ ግማሽ ጉንጯን ሸፍኖታል። የእናቷን ሳቅ ለማስታወስ ዐይኗን ስትጨፍን የሚመጣላት ማኅተሙ ነው። የአባቷም እንደዚያ እንዳይሆንባት ፈራች።

ግን ይመር "ፎቶ" የሚለውን ቃል የሰማ እንደሆነ ከስፌት መኪናው ይነሳል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ እስከ ላይኛው ቁልፍ ይቆልፋል፣ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ እንደ ወታደር ይቆማል። ፊቱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

"አባዬ፣ ቁጭ በልና ዝም ብለህ ስፋ" አለችው።

"ሰው በሸሚዝ ፎቶ ይነሳል? የሚያየው ሰው ዘመድ የሌለኝ ይመስለዋል።"

አባቷ ያለ ኮት አልነሳም አለ፤ ሐያትም ያለ ፎቶ ቀረች።

ማክሰኞ ዕለት በስልኳ ሰርቃ አነሳችው። ስልኩ ብልጥ ነኝ ባይ ነበርና ሽብሽቡን ሁሉ አለስልሶ፣ ከዐይኑ ሥር ያለውን መስመር ደምስሶ ሰጣት። አባቷ ስልኩን ተቀብሎ ፊቱ ድረስ አስጠጋና "ይሄ ጎረምሳ የማን ልጅ ነው?" አላት።

ስልኩ ሽብሽቡን አላሳይም አለ፤ አባቷ ያለ ኮት አልነሳም አለ፤ ሐያትም ያለ ፎቶ ቀረች።

እንግዲህ ሐያት ካሜራ አልነበራትም እንጂ ስለ ካሜራ የማታውቀው አልነበረም። አንባቢ በማይኖርበት ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ስታነብ ከርማለች። ትንሿ ካሜራ ኪስ ትገባለች፣ ሌንሷ አይነቀልም፣ ሰው አያስደነግጥም፤ ትልቁ ካሜራ ይከብዳል፣ ሌንሱ ተነቅሎ በሌላ ይተካል፣ ከሩቅም ይታያል። የትኛው ለዘወትር ይሻላል የሚለውን ደብተሯ ላይ ጽፋ፣ ሰርዛ፣ እንደገና ጽፋለች። አንዱንም ግን እጇ ላይ መዝና አታውቅም። ሰው ያላየውን አገር በካርታ እንደሚያውቀው ነበር የምታውቃቸው።

ረቡዕ ዕለት አብሮ አደጓ ዘይነባ፣ የባዮሎጂ መምህርት ናት፣ ትንሿን ካሜራ አዋሰቻት። "ተማሪዎቼን ለሽርሽር ስወስድ የምይዛት ናት። ደጅ ላይ አታሳፍርሽም" አለቻት። እውነትም ደጅ ላይ አላሳፈረቻትም። የጦሳን ተራራ ከነጉሙ፣ የጎረቤቱን ድመት ከነጢሙ ጥርት አድርጋ አወጣችላት። ሐያት ደስ ብሏት በመዳፏ ደብቃ ሱቅ ገባች። ሱቁ ግን ጨለማ ነው፤ ትንሿም ካሜራ ብርሃን የምትቀበልበት ነገሯ የጥፍር ያህል ነው። ስታነሳው አባቷ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። መብራቷን ስታበራ ደግሞ ብልጭ አለና ይመር ብድግ ብሎ ወደ ኮቱ ሄደ።

ትንሿ ካሜራ ጨለማ አልወድም አለች፤ ስልኩ ሽብሽቡን አላሳይም አለ፤ አባቷ ያለ ኮት አልነሳም አለ፤ ሐያትም ያለ ፎቶ ቀረች።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ፎቶ ቤት ሄደች። ጋሽ እንድሪስ የይመር ወዳጅ ናቸው፤ ትልቁን ካሜራ ከሳጥን አውጥተው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። አንገቷ ወደ ፊት ሄደ።

"ከበደሽ?"

"ደስ ይላል" አለች በዝግታ።

ደጅ ላይ፣ ከሱቁ ማዶ ቆማ በመስኮቱ አነሳችው። ሽብሽቡ ወጣ፣ ሽበቱ ወጣ፣ እጁ ግን ጭስ ሆነ። ተመልሳ ስታሳያቸው ጋሽ እንድሪስ ሳቁ። "ካሜራው ምን ያድርግ? የተተከለበት ሌንስ የቀን ሌንስ ነው፤ ያባትሽ ሱቅ ደግሞ ጉድጓድ። ለጉድጓድ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትሩ ሌንስ፣ ሃምሳው፣ ነው የሚያዋጣሽ። አጭር ናት፣ ቀላል ናት፣ አፏ ግን ሰፊ ነው፤ ያለችውን ብርሃን ሁሉ ትሰበስባለች። የእኔዋን ኑሩ ወስዷታል። ሂጂ ጠይቂው።"

ትልቁ ካሜራ ያለ ሃምሳው አላይም አለ፤ ትንሿ ካሜራ ጨለማ አልወድም አለች፤ ስልኩ ሽብሽቡን አላሳይም አለ፤ አባቷ ያለ ኮት አልነሳም አለ፤ ሐያትም ያለ ፎቶ ቀረች።

ኑሩ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ሃምሳውን ከወገቡ ቦርሳ አውጥቶ በጨርቅ ጠረጋት፣ አሳያት፣ መልሶ ከተታት።

"ወላሂ እታለም፣ ለአንቺ እምቢ አልልም ነበር። ግን ሰዓዳ የምትባል ሙሽራ አለችብኝ፤ ከሠርጉ በፊት በመልስ ቀሚሷ ላነሳት ቃል ገብቻለሁ። እሷን ሳላነሳ ይቺ ሌንስ ከእኔ አትለይም። ባለፈው ለአንዱ ባውሰው መስታወቷ ላይ የጣቱን አሻራ አትሞ መለሰልኝ።"

"መቼ ነው የምታነሳት?"

"እኔማ ዛሬም ዝግጁ ነኝ። እሷን ጠይቂያት።"

ሰዓዳን ጠየቀቻት። ሰዓዳ ቤቷ በር ላይ እጇን ሂና ተቀብታ እስኪደርቅ እየጠበቀች ነበር። "ቀሚሱ የታለና ነው የምነሳው? አንገቱን እትዬ ዘውዴ ይጠልፉታል ከተባለ ሳምንት ሆነው። እኔን አትጠይቂኝ፣ እኔም የሚጠየቅ ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት።"

ሙሽራዋ ያለ ቀሚስ አልነሳም አለች፤ ኑሩ ሙሽራዋን ሳላነሳ ሃምሳውን አልሰጥም አለ፤ ትልቁ ካሜራ ያለ ሃምሳው አላይም አለ፤ ትንሿ ካሜራ ጨለማ አልወድም አለች፤ ስልኩ ሽብሽቡን አላሳይም አለ፤ አባቷ ያለ ኮት አልነሳም አለ፤ ሐያትም ያለ ፎቶ ቀረች።

እትዬ ዘውዴ የጥልፍ ሠራተኛ ናቸው። ሐያትን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ "አንቺ ነሽ እንዴ የምትመጪብኝ?" አሏት። "እኔ ያልተሰፋ ጨርቅ ላይ ምን ልጥለፍ? ቀሚሱ ያለው ያባትሽ ሱቅ ነው። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስት ጊዜ 'ነገ' አለኝ።"

"አባዬ? 'ነገ' አለ?"

"ምን ይገርማል? ልብስ ሰፊ አይደለም እንዴ? 'ነገ' የማይል ልብስ ሰፊ የታለ?"

ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው። ልብስ ሰፊ "ነገ" ካለ ማንም አይከፋም፣ ማንም ለምን አይልም፤ የሙያው ሰላምታ ነው ብሎ ይሄዳል። ሐያት ግን ቆመች። አባቷ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው "ነገ" ብሎ አያውቅም። የሚኮራበትም ነገር ይሄ ብቻ ነበር።

እትዬ ዘውዴ ያልተሰፋ አልጠልፍም አሉ፤ ሙሽራዋ ያለ ቀሚስ አልነሳም አለች፤ ኑሩ ሙሽራዋን ሳላነሳ ሃምሳውን አልሰጥም አለ፤ ትልቁ ካሜራ ያለ ሃምሳው አላይም አለ፤ ትንሿ ካሜራ ጨለማ አልወድም አለች፤ ስልኩ ሽብሽቡን አላሳይም አለ፤ አባቷ ያለ ኮት አልነሳም አለ፤ ሐያትም የፎቶውን ነገር ለጊዜው ረስታ ወደ አባቷ ሮጠች።

ይመር መኪናው ላይ ነበር፤ ጥቁር ሱሪ ይሰፋል። ሐያት በሩ ላይ ቆማ ሱቁን እንደ አዲስ አየችው። የተሰቀለው ሱሪ ጥቁር ነው። የተሰቀለው ጉርድ ጥቁር ነው። መኪናው ላይ የቆመው ትልቅ የክር ጥቅልል ጥቁር ነው። የሰዓዳ ነጭ ጨርቅ ብቻ እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ነጩን ለምን አልሰፋኸውም?"

መኪናው ቆመ። ይመር ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣ።

"መርፌው ክር አልቀበል አለኝ።"

"መነጽርህስ?"

"መነጽር አይደርስበትም ብሎኛል ሐኪሙ። ሕመሙ ከዐይኔ ኋላ በኩል ነው አለ።" ጨርቁን በመዳፉ ዳበሰው። "ስፌቱን እኮ በእጄ አየዋለሁ። የመርፌዋን ቀዳዳ ግን እጅ አያያትም። ጥቁሩ ክር ከገባ ልክ ሁለት ወር ሆነው፤ እንዳይበጠስብኝ ቀስ እያልኩ ነው የምሰፋ። ነጩን ለማስገባት ጥቁሩን ማውጣት ነበረብኝ።"

መኪናው ቀስ ማለቱን ሐያት ሰምታለች። ድካም ነው ብላ ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ልልሽ? ከቤተ መጻሕፍት ወጥተሽ ክር አስገቢልኝ ልበልሽ?"

መርፌው ክር አልቀበል አለ፤ ጨርቁ ያለ ክር አልሰፋም አለ፤ እትዬ ዘውዴ ያልተሰፋ አልጠልፍም አሉ፤ ሙሽራዋ ያለ ቀሚስ አልነሳም አለች፤ ኑሩ ሙሽራዋን ሳላነሳ ሃምሳውን አልሰጥም አለ፤ ትልቁ ካሜራ ያለ ሃምሳው አላይም አለ፤ ትንሿ ካሜራ ጨለማ አልወድም አለች፤ ስልኩ ሽብሽቡን አላሳይም አለ፤ አባቷ ያለ ኮት አልነሳም አለ። የዚህ ሁሉ ጫፍ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች።

ሐያት ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ክር ቆረጠች። የነጩን ክር ጫፍ በምራቋ አሹላ ከተተችው።

ከዚያማ ምን ይቆማል? መርፌው ክሩን ተቀበለ፤ ጨርቁ ሐሙስ ማታውኑ ተሰፋ፤ እትዬ ዘውዴ ዓርብ ውለው ጠለፉት፤ ሙሽራዋ ቅዳሜ ጠዋት ለበሰችው፤ ኑሩም አነሳት። አነሳትና ካሜራው ላይ ያየውን አልወደደውም።

"ወገቡ ሁለት ጣት ሰፍቷል" አላት።

"ሠርግ ያከሳል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር" አለች ሰዓዳ።

ተያይዘው ሱቁ መጡ። ይመር ሊዘጋ መደርደሪያውን እያራገፈ ነበር፤ ሐያት መሬቱን ትጠርጋለች፣ ትልቁ ካሜራ አንገቷ ላይ ነው። ሰዓዳ ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ቀሚሱን አውልቃ ወረወረች። ይመር ወገቡን በአውራ ጣቱ ለካና "ወደ ውስጥ ላስገባው፤ አንድ ስፌት ነው" ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ስፌት። ሐያት መጥረጊያውን ጣለች።

"ኑሩ፣ ሃምሳውን ስጠኝ።" ድምጿ ሱቁን ሞላው፤ ራሷም ደነገጠች። "አባዬ እስኪጨርስ ብቻ።"

ኑሩ ቦርሳውን ጨበጥ አደረገ፣ ይመርን አየ፣ ሐያትን አየ። "መስታወቷን እንዳትነኪ" አለና ሰጣት።

የቀኑን ሌንስ ነቅላ ሃምሳውን ተከለች። አፏን እስከ መጨረሻ ከፈተችው። በመስኮቷ ያለችው ብርሃን ሁሉ ተሰብስባ ገባች። ፊቱን ለማቅረብ ሌንሷን ልትጎትት ስትል ሃምሳው አይጎተትም፤ በእግሯ ሄደች። ተጠጋች፣ በዛ፤ ወደ ኋላ አለች፣ ጀርባዋ ከተሰቀለው ሱሪ ጋር ተላተመ። ስፌቱ ግማሽ ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ እንድሪስ ካሜራቸውን ፍለጋ ብቅ አሉ።

"ይመር፣ ያንተ ፎቶ እኮ ከተማውን አዞረው።"

ይመር "ፎቶ" የሚለውን ሲሰማ ሊነሳ ቃጣው። ግን መርፌው ጨርቁ ውስጥ ነው፤ ግማሽ ስፌት ጥሎ የሚነሳ ልብስ ሰፊ ደግሞ የለም። እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ "የምን ፎቶ?" አለ።

"ልጅህ ያንተን ፎቶ ብላ እኔ ዘንድ መጣች፤ የእኔ ካሜራ ያለ ሃምሳው አላይም አለ" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

"እኔ ሙሽራዋን ሳላነሳ ሃምሳውን አልሰጥም አልኩ" አለ ኑሩ።

"እኔ ያለ ቀሚስ አልነሳም አልኩ" አለች ሰዓዳ ከመጋረጃው ኋላ፣ "እትዬ ዘውዴም ያልተሰፋ አልጠልፍም አሉ።"

"ጨርቁስ ለምን ሳይሰፋ ቆየ?" አለ ኑሩ።

መልሱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ይመር ቀና ብሎ ወደ ልጁ አየ። ስፒሎቹ ከንፈሩ ላይ እንዳሉ፣ ጨርቁ በእጁ ሥር እየሄደ፣ ያቺ ለራሱ ብቻ የነበረች ፈገግታ ቀስ ብላ ወጣችና ወደ ሐያት ዞረች።

ሐያት የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

"ነገ እያልኩ ነዋ" አለ ይመር ለኑሩ፣ "ልብስ ሰፊ አይደለሁም?" ስፌቱንም ጨረሰ፣ ክሩንም ቆረጠ።

ሃምሳው ወደ ኑሩ ተመለሰች፣ ቀሚሱ ወደ ሰዓዳ ተመለሰ፣ ሁሉም ሄዱ። ሐያት ካሜራውን ከፍታ ብዙ አየች። ሽብሽቡ አለ፣ እጁ አለ፣ ወደ እሷ የሚያየው ዐይን አለ።

"ወጣሁ?" አላት አባቷ።

"ወጥተሃል።"

ላሳይህ ብላ ካሜራውን ወደ እሱ ልታዞር ጀምራ ተወችው። አጠገቡ ተቀምጣ፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ በቃል ትነግረው ጀመር።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ከዚህ ያለፈውን የሚያውቅ ሰው ይቀጥልላችሁ።