የበረኛው ሁለት ጣት

አንድ በረኛ ነበረ።

አዎ ይርጋ፣ ሰላምታ የለም፣ እንዴት ዋልክ የለም። ጥያቄህን አይቼዋለሁ። «የሰፈሩን በር ሲመሽ ለኛ ሰው ብቻ ብንከፍት ማን ይጎዳል?» ነው ያልከኝ። ልጽፍልህ ጀምሬ ረዘመብኝና ተውኩት። በቮይስ ስማኝ። አታቋርጠኝ። ለነገሩ ብታቋርጠኝም አልሰማህም፣ የቮይስ ጥቅሙ እሱ ነው።

አንድ በረኛ ነበረ። ሰውየውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ዘመኑን ግን አልፈጠርኩትም፣ ክፍል ውስጥ ለልጆቹ የማስተምረው ነው። የሮም ግዛት ጫፍ ላይ፣ በረሃው የሚጀምርበት ቦታ፣ በግንብ የታጠረች አንዲት ከተማ ነበረች። ሰውየው የዛች ከተማ በረኛ ነው። ሮምና ፋርስ የሚባሉ ሁለት ኃያላን መንግሥታት፣ ሕፃን ተወልዶ ልጅ እስኪያደርስ ድረስ ሲዋጉ ኖሩ። ከዛ ደከሙ። ሁለት ኮርማ ተዋግቶ ተዋግቶ አቅሙ ሲያልቅ፣ ቀንድ ለቀንድ ተደጋግፎ እንደሚቆመው። አንዱ ቢለቅ ሌላውም አብሮ ይወድቃል። እንደዛ ሆኑ።

በዛ ጦርነት ፋርሶች ከተማዋን አንድ ጊዜ ይዘዋት ነበር። በሩን ከውስጥ የከፈተ ሰው አለ ተባለ። ማን እንደሆነ አልታወቀም። የበረኛው አንድ ልጁ የዛን ቀን እዛው በሩ ስር ተገደለ። ስለዚህ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ይሄን ያዝልኝ። የፈራ ሰው ነው። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ሄዶ መወርወሪያውን በእጁ ይዳብሳል፣ ተመልሶ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል።

መወርወሪያው የቤት መወርወሪያ እንዳይመስልህ። የዝግባ ግንድ ነው። አንድ ሰው አያነሳውም፣ ሁለት ሰውም አያነሳውም። ሲመሽ አንድ ግንበኛ ወንድሞቹን ይዞ ይመጣና ከበረኛው ጋር ተሸክመው ያስገቡታል። ግንበኛው የበረኛው አበልጅ ነው። ያንን የሞተውን ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ግንዱን አስገብተው ሲጨርሱ እዛው በሩ ስር ቁጭ ብለው ትንሽ ይጫወታሉ፣ ከዛ ወደየቤታቸው።

አሁን ነገሩ እዚህ ጋ ይበላሻል። የከተማው ሰው ክርስቲያን ነው፣ ግን ተከፋፍሏል። ገሚሱ ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ይላል፣ ገሚሱ ሁለት ባሕርይ ነው ይላል። የሮሙ ንጉሥ ሁለት ከሚሉት ጋር ነው። አንድ የሚሉት በአንድ ጣት ያማትባሉ፣ ሁለት የሚሉት በሁለት ጣት። በሩ ላይ መስቀል ተቀርጿል፣ የሚገባ ሁሉ ቀና ብሎ ያማትባል። በረኛው ዕድሜ ልኩን ያየው የነበረውን ነገር አንድ ቀን በደንብ አየው። ጣት አየ።

«በሩን የከፈተብን ባለ አንድ ጣት ነው» አለ። ማን ነገረው? ማንም! ፍርሃቱ ነው የነገረው። ንጉሡ እንኳ ይሄን አላዘዘም። ንጉሡ ጳጳሶቻቸውን አሳደደ እንጂ ሲመሽ ማን የት ይደር አላለም። ይሄ የበረኛው የራሱ ፈጠራ ነው። ባለ ሁለት ጣት ይገባል። ባለ አንድ ጣት ውጪ ያድራል።

መጀመሪያ ሰው ሳቀበት። አንዷ ሸክላ ሻጭ፣ «አንተ በረኛ፣ ወጥ ስትበላ በስንት ጣት ነው? ያኔ አምስቱም ይገባል አይደል!» አለችው። ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ አሽካካ። እሱ አልሳቀም። መለሳት። ማሰሮዋን አዝላ ግንቡ ስር አደረች።

ከዛ አበልጁ ውጪ ሥራ ውሎ መጣ። ወንድሞቹን ይዞ፣ ግንዱን ሊያነሳለት። ቀና ብሎ አማተበ፣ በአንድ ጣት፣ አባቱ እንዳስተማረው።

«አበልጄ፣ ተመለስ» አለው።

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም። ተመለስ።»

«አበልጄ፣ እኔን እኮ ታውቀኛለህ!»

«አንተንማ አውቅሃለሁ። ጣትህን ነው የማላውቀው።»

ይርጋ፣ ትናንት ይሄን የሚመስል ነገር ከአፍህ ወጥቷል። ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

ግንበኛው አልተሳደበም። እጁን አየው፣ በረኛውን አየው፣ ወንድሞቹን ይዞ ዞረ። የዛን ዕለት ግንዱን ያነሱት በረኛውና ሰፈር ውስጥ የተገኙ ሽማግሌዎች ናቸው፣ እያቃሰቱ።

ባለ አንድ ጣቶቹ ግንቡን ተደግፈው ዳስ ሠሩ። ዳሱ ጎጆ ሆነ። ሸክላ ሻጯ እቶኗን እዛው ተከለች። ቆዳ ፋቂው ወጣ፣ ዳቦ ጋጋሪው ወጣ። በየቀኑ ጣቴን አሳይቼ ከምመለስ እዚሁ ልክረም አለ ሰው። ከጭቃ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ገበያው ራሱ ተከትሏቸው ወጣ። ውስጥ ያለው መንገድ ጭር አለ። በረኛው ግን ደስ አለው። «ከተማዬ ጠራች» ይላል። እንቅልፍ ወሰደው ወይ ብትለኝ፣ አልወሰደውም! ባሰበት እንጂ። በፊት የሚፈራው አንድ ያልታወቀ ሰው ነበር። አሁን ከግንቡ ውጪ ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ልጅ ሲያጠምቁ እየሰማ የሚፈራው አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ሆነ። የፈጠረውም እሱ ራሱ ነው።

በዚህ መሃል ከወደ በረሃው ወሬ መጣ። እዛ ያሉትን ሰዎች በረኛው ያውቃቸዋል። ቆዳና ዘቢብ በግመል ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ጎሳ ለጎሳ ሲዋጉ የኖሩ፣ በአንድ ጉድጓድ ውሃ የሚጋደሉ። አሁን ግን አዲስ እምነት ተነስቶ አንድ አደረጋቸው፤ ትናንት ደም የነበራቸው ሰዎች በአንድ ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ ተባለ። በረኛው ሳቀ። «እነሱ? የግመል ገመድ ማን ይያዝ ብለው ሲጣሉ አይቻቸዋለሁ» አለ። ይኸውልህ፣ እዛ የተበታተነው ሲሰበሰብ እዚህ የተሰበሰበው እየተበተነ ነው፣ ሰውየው ግን የሚያየው ጣት ነው።

የንጉሡ ጦር ከተማዋ ውስጥ የቀሩትን ጎረምሶች ሰብስቦ ሊገጥማቸው ወረደ። ተሸነፈ። የተረፉት ወታደሮች በከተማዋ አጠገብ አቧራ ለብሰው አለፉ፣ ውሃ እንኳ አልጠየቁም። «ከምዕራብ እርዳታ ይመጣል» አለ አንዱ ሽማግሌ። ከየት ይምጣ! እዛ ፍራንክ የሚባለው ሕዝብ ነገሥታት አባታቸው የተወላቸውን አገር እንደ ርስት መሬት እየተካፈሉ፣ ወንድም ከወንድሙ እየተዋጋ ነው።

አንድ ጠዋት አቧራው ታየ።

በረኛው ማማው ላይ ወጣ። ግንቡ ረጅም ነው። ግንቡ ላይ የቆመው ሰው ትንሽ ነው። ወደ ውስጥ አየ፣ ባዶ መንገድ። ወደ ውጪ አየ፣ ከተማው ያለው እዛ ነው። ያን ጊዜ ገባው። ደረጃውን እየተንከባለለ ወረደና በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ጮኸ።

«አበልጄ! ወንድሞችህን ይዘህ ግባ! ሁላችሁም ግቡ! ግንዱን እናስገባ!»

ግንበኛው መጣ። ሸብቷል። ደፉ ላይ ቆመ፣ አላለፈም። እጁን ወደ መስቀሉ አነሳ።

«በስንት ጣት ላማትብ?»

«በፈለግከው! በአስሩም አማትብ፣ ብቻ ግባ!»

ግንበኛው እጁን አወረደ። «እኔ እገባልህ ነበር አበልጄ» አለው። «ልጅህን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ግን እንቢ አሉኝ። ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ውጪ ነው። ይሄን ግንብ የሚያውቁት ከጀርባው ነው። ሙቱለት ብዬ እንዴት ልለምናቸው?»

የበረሃው ጦር አዛዥ ጎህ ሳይቀድ ቀድሞ ውጪ ወዳሉት ሰዎች መጥቶ ነበር። ግብር ክፈሉ፣ ቤታችሁም ቤተ ክርስቲያናችሁም የናንተ ነው ብሏቸው ሄደ። ማን በስንት ጣት እንደሚያማትብ አልጠየቀም። ምን አገባው!

በረኛው ወደ ግንዱ ሮጠ። አቀፈው። ጫፉ ትንሽ ከመሬት ተነሳ፣ ወደቀ። ሽማግሌዎቹን ጠራ፣ ግማሾቹ ግንቡ ላይ ናቸው፣ ግማሾቹ አልጋ ላይ። ሚስቱ መጥታ ከጎኑ ያዘች። ደግመው አነሱት፣ ወደቀ። ትከሻው ደም በደም ሆነ። ፈረሰኞቹ ቀስ ብለው እየመጡ ነው፣ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም።

ያ ሁሉ ዘመን የፈራው በሩን ከውስጥ የሚከፍት ሰው ነበር። የዛን ቀን በሩን የከፈተ ከሃዲ የለም። የከፈተው እሱ ነው። የሚዘጋ ሰው ነው የጠፋው።

አለቀ። አሁን ወዳንተ።

ማን ይጎዳል አልክ አይደል? ትናንት ጌጡን በር ላይ አቆምከው። ጌጡን! ያንን የምትዘጋውን በር ብረቱን ቆርጦ፣ ማጠፊያውን በይዶ፣ ቀለም የቀባውን ሰው! ከወንዝ ማዶ የቆርቆሮ ቤት ስለተከራየ፣ አነጋገሩም ከኛ ስላልገጠመ፣ «አንተን ሳይሆን የመጣህበትን ነው የማላውቀው» አልከው። ቦኖ ውሃ ሊቀዳ ነው የመጣው። ሰውየው ምን አደረገ? ባዶ ጀሪካኑን አንስቶ ተመለሰ። ቢሰድብህ በወደድኩ! እኔን ያስፈራኝ ባዶውን መመለሱ ነው።

ፈርተሃል፣ አውቃለሁ። ቤታችሁ የተሰበረ ቀን ከእናትህ ጋር ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከተማው ደህና አይደለም። እኔም ፈርቻለሁ፣ ድምፄ አይሰማህም? ግን እስቲ ንገረኝ፣ ዛሬ ሌሊት ሰፈሩን ሊጠብቅ ሮንድ የሚወጣው ማነው? አንተ አለህ። እኔ አለሁ። ጋሽ ወርቅነህ ከነከዘራቸው አሉ፤ ሳል ሲጀምራቸው እኛ ነን ደግፈን የምናስገባቸው። የጎረምሳ ዘር ያለው ማዶ ነው ይርጋ! እስከ ትናንት ፊሽካ ይዘው ከኛ ጋር ሲዞሩ የነበሩት እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን ከታች ጩኸት ይሰማል። «ጌጡ ድረስልኝ!» ትላለህ። ይመጣል፣ ጥሩ ሰው ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ይቆምና «መጀመሪያ የመጣሁበትን ልንገርህ?» ይልሃል። ያን ጊዜ ምን ትለዋለህ? ንገረኝ፣ ምን ትለዋለህ?

በረኛው አንተ ነህ ወንድሜ። ጣቱ የሰዎቹ አነጋገር ነው። ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ነው፣ እሺ፣ ያንተ ነው። ግንዱን ግን ብቻህን አታነሳውም።

ድልድዩ ጋ ቆሜያለሁ። ጌጡ ቤት አብረን እንሄዳለን፣ ይቅርታውን የምትለው አንተ ነህ። ቶሎ በል፣ ፀሐይዋ እየገባች ነው።