«ማን ይሆን» ያለው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። መምህር፣ «ሰው የገደለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይባላል ወይ? ቃሉስ ከየት መጣ?» ብለው ፊደል ላልቆጠርኩት ለእኔ ጥያቄ ካመጡ፣ መልሱን ከዚህ ሰው ይቀበሉ።

ይህ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመስኖ ውኃ ተራ ተጣላ። ጎረቤቱ ተራ ጥሶ ቦዩን ወደ ራሱ ሽንኩርት መልሶበት ነበር። ገበሬው በንዴት አንድ ጊዜ በዱላ መታው፤ ሰውየው ወደቀ፤ አልተነሣም። ያን ጊዜ እንደ አገሩ ልማድ «እጄ ነው፣ ያዙኝ» ብሎ ቢጮህ፣ ሽማግሌ መሐል ገብቶ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ደሙ ይደርቅ ነበር። እሱ ግን ሬሳውን ጎትቶ ገደል ሥር ጣለና ዱላውን አጥቦ ቤቱ ገባ።

ሬሳው ሲገኝ እንደ እሱ ያለቀሰ የለም። ከሟች እናት ጎን ቆሞ «ማን ይሆን? ማን ይሆን?» እያለ ደረቱን ደቃ። ዋይታው ሦስት ወንዝ ተሻገረ፤ የማዶ አገር ሰዎች የራሳቸው ዘመድ የሞተ መስሏቸው ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ።

ከዚያ አውጫጭኝ ተቀመጥን። ገዳዩ እስኪወጣ የአገሩ ወንድ ሁሉ በእሾህ አጥር ውስጥ ይታገዳል፤ ጤፍ ቢረግፍ፣ ላም ብትጠፋ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሰባት ቀን ተቀመጥን፤ ጢማችን አድጎ እርስ በርሱ ተጠላለፈ። በሰባተኛው ቀን አንዱ፣ አብሮን ወደ ታገደ ሰው ጠቁሞ፣ «ይሄ ሸክላ ሠሪ ከሟች ጋር ገበያ ላይ ተሰዳድቦ አልነበር?» አለ። ገበሬው ቀና ብሎ፣ «እኔስ ዓይኑን ካየሁ ጀምሮ አላመንኩትም» አለ። ሸክላ ሠሪ ዓይነ ቡዳ ነው ሲባል ያደግን እኛም ሳቅን። ሸክላ ሠሪው ታሰረ፤ በማግስቱ ለዳኛ ሊሰጥ።

ይህን ጊዜ የሟች እናት የልጇን ጋቢ ይዛ መጣች። «ሰባት ቀን ሙሉ ስለ ልጄ ብርድ መታህ። እንዳንተ ያለቀሰለትም የለም። እንካ፣ ልበሰው» ብላ ገበሬው ትከሻ ላይ ጣለችለት። ጋቢው ገና የሟቹን ላብ ይሸታል። ገበሬው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራቁቱን የቆመ መሰለው። እሷን ማየት አቃተው፤ የታሰረውንም ማየት አቃተው። ጋቢውን ገፎ እግሯ ሥር አኖረና፣ «እናቴ፣ የእኔ እጅ ነው፤ በዱላ መታሁት» አለ።

«ዱላውን ያነሣው ሰይጣን ነው ልበል። እኔ ‹ማን ገደለው› ስል ግን አብረኸኝ ‹ማን ይሆን› አልክ» አለችው።

ይኸው ነው፣ መምህር። በዱላው ሰው ገደለ፤ ነፍሰ ገዳይ የሆነው ግን ከእናቲቱ ጋር ገዳይ ሲፈልግ ነው። እኔ ለቃሉ ከዚያ ሰባት ቀን ሌላ ምንጭ አላውቅለትም። ሸክላ ሠሪው ሲታሰር የሳቅነው እኛ ግን ምን ተብለን እንደምንጠራ ቃሉን እርስዎ ይፈልጉልን። ቀድሞ የሳቀው እኔ ነበርኩ።