ሳይጻፍ የቀረው «ቶለስት»

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚያ ሐሙስ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቄ በአንዲት ትንሽ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ማወዳደርን ላስረዳ ብዬ ሦስት ሰው ሰሌዳው ፊት አቆምኩ፤ ትምህርቴን ሊከታተሉ የገቡትን ርዕሰ መምህር አቶ ሽመክትን፣ ራሴን፣ የበሩን ዘበኛ ጋሽ ዘርጋውን። ከአቶ ሽመክት በላይ «ቶል» ብዬ ጻፍኩ፤ ረጅም ማለት ነው። ከራሴ በላይ «ቶለር» አልኩ፤ ከእሳቸው የምረዝም። ወደ ጋሽ ዘርጋው ዞሬ «ቶለስት» ልጽፍ እጄን ስዘረጋ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ሽመክት ጠመኔውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«አለቃህን ከዘበኛ በታች?» በጆሮዬ ብለውኝ ወጡ።

እኔ የፈለግሁት ቁራጭ ጠመኔ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ደብተር ላይ አይገባም፤ ደብተር ላይ ያልገባ አይጠናም። ልጆቹ ሁለቱን ይዘው ሦስተኛውን አጡ፤ አንዳንዱም ከራሱ ፈጥሮ «ሞር ቶለር» ማለት ጀመረ። ሚኒስትሪ ፈተናው ደግሞ ሰኞ ነው!

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂዋ እትዬ ጥሩዬ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ አንዲት ጠመኔ።»

«ውይ ልጄ! ሽመክት ሳያዙ? እንጀራዬን ልታስዘጋ ነው?»

እትዬ ጥሩዬ ጠመኔ አልሰጥም አሉ፤ «ቶለስት» አልተጻፈም፤ ፈተናው ሰኞ ነው።

አቶ ሽመክት ዘንድ ገባሁ። ቀና ብለውም አላዩኝ። «የወረዳው ትምህርት ኃላፊ ይዘዙኝ» አሉ። ሽመክት ጥሩዬን አላዝም አሉ፤ ጥሩዬ ጠመኔ አልሰጥም አሉ፤ «ቶለስት» አልተጻፈም፤ ፈተናው ሰኞ ነው።

ኃላፊው አቶ እንግዳወርቅ የሽመክት የማኅበር ጓደኛ ናቸው። «በሰው ትምህርት ቤት ምን አገባኝ? እኔን እንኳ ከእናቴ በቀር የሚያዘኝ የለም» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አርብ እየመሸ ነበር። እንግዳወርቅ ሽመክትን አላዝም አሉ፤ ሽመክት ጥሩዬን አላዝም አሉ፤ ጥሩዬ ጠመኔ አልሰጥም አሉ፤ «ቶለስት» አልተጻፈም፤ ፈተናው ሰኞ ነው።

የእንግዳወርቅን እናት እማማ ደብሬን ደጅ ጠናሁ። «የንስሐ አባቴ ሳይመክሩኝ በመንግሥት ነገር አልገባም» አሉኝ። ደብሬ እንግዳወርቅን አልቆጣም አሉ፤ እንግዳወርቅ ሽመክትን አላዝም አሉ፤ ሽመክት ጥሩዬን አላዝም አሉ፤ ጥሩዬ ጠመኔ አልሰጥም አሉ፤ «ቶለስት» አልተጻፈም፤ ፈተናው ሰኞ ነው።

ቅዳሜ ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል፣ ገሰገስኩ። «ልጄ፣ ወደ ደብሬ ቤት የሚወስደው መንገድ በትምህርት ቤቱ በር ነው። እዚያ ያ የዘርጋው ውሻ አለ፤ ቀሚሴን ቀዶታል!» አሉኝ።

ውሻውን ቦቢን ልለምን ሄድኩ፤ ምን ላድርግ? ጥርሱን አሳየኝ። ቦቢ አባን አላሳልፍም አለ፤ አባ ደብሬን አልመክርም አሉ፤ ደብሬ እንግዳወርቅን አልቆጣም አሉ፤ እንግዳወርቅ ሽመክትን አላዝም አሉ፤ ሽመክት ጥሩዬን አላዝም አሉ፤ ጥሩዬ ጠመኔ አልሰጥም አሉ፤ «ቶለስት» አልተጻፈም፤ ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።

የቀረኝ ጋሽ ዘርጋው ነው።

«ጋሼ፣ ውሻውን ይያዙልኝ።»

«አልይዝም! ልጆች ፊት ገትረህ አሳቅህብኝ። ያን ዕለት ከራሴ በላይ ምን የሚል ስድብ ልትጽፍ ነበር?»

ደነገጥኩ። ለካ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ጭምር።

«ስድብ አይደለም ጋሼ። ከሁሉ የሚረዝም ማለት ነው።»

«ከሁሉ? ከሽመክትም?»

«ከእሳቸውም፣ ከእኔም።»

ጋሽ ዘርጋው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ ሰው! ይህን ሐሙስ ዕለት ብትናገር ምላስህ ይቆረጥ ነበር? ና፣ አንተ ቦቢ!»

ዘርጋው ቦቢን ያዙ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቦቢ አባን አሳለፈ፤ አባ ደብሬን መከሩ፤ ደብሬ እንግዳወርቅን ተቆጡ፤ እንግዳወርቅ ሽመክትን አዘዙ፤ ሽመክት ጥሩዬን አዘዙ፤ ጥሩዬ ጠመኔውን ሰጡኝ። ልጆቹን በየቤታቸው ዞሬ ሰበሰብኩ። ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን አስግገው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ጀንበር ሳትጠልቅ «ቶለስት» ተጻፈ።

ጠመኔ ተሰጠኝ፤ መልስ ግን አልተሰጠኝም። በዓመቱ ወደ ቆላ አዛወሩኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሁሉም አዘዘ፣ ሁሉም ታዘዘ፣ አንድም ሰው አጥፍተሃል ወይም አላጠፋህም አላለኝም።

አቶ ሽመክት፣ ዛሬ ሁለታችንም ሸብተናል፤ ከበላይዎ የሚፈሩት አለቃ፣ ከበታችዎ የሚያዙት ሰው የለም። እኔ እበልጥዎታለሁ አላልኩም፤ እረዝማለሁ ነው ያልኩት። እስቲ አሁን ይመልሱልኝ፦ በዚያ ሐሙስ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ውሸት ነበር?