ዶሮ የታቀፈችበት የቲያን ሸክላ

ትንፋሽ ያለው ይከተለኝ! ይህች ተረት በመንገዷ ያገኘችውን ሁሉ እየጎተተች የምትሄድ ናት።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጋሽ ንጋቱ የሚባሉ ወጥ ቤት ነበሩ። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በባቡር ላይ ነው። ፉርጎው እየተናጠ ሽንኩርት ሲከትፉ ኖረው፣ ጣታቸውን አንድም ቀን አልቆረጡም። አንዲት የፈረንሳይ ማዳም ያስተማረቻቸው ቲያን የሚባል ምግብ ነበራቸው። ደበርጃን፣ ዝኩኒና ቲማቲም በስሱ ይቆረጣሉ፤ በዘይት በበሰለ ሽንኩርት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይደረደራሉ፤ ጦስኝ ይነሰነስባቸውና ምድጃ ገብተው ጠርዛቸው ቡናማ እስኪሆን ቀስ ብለው ይጋገራሉ። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እኩል እጁን የሚልስበት ምግብ ነው።

ታዲያ እኚህ ሰው ታመሙ። ወባው ለቀቃቸው፣ አልጋው ግን አልለቅ አላቸው። ሐኪሙም፣ «በሽታው ወጥቷል። አሁን የሚያድናቸው መብላትና መነሳት ነው» ብሎ ሄደ። እሳቸው እቴ! ሾርባ ሲቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ፣ ገንፎ ሲቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ። ልጃቸው ሉሊት የስፌት መኪናዋን ከድና አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷ ዓይኗ እያየ ሲመነምኑ አንጀቷን በላት።

አንድ ጠዋት ግን ከአልጋው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ሉሊት።»

«አቤት አባባ!»

«ቲያን አማረኝ።»

ልጅቱ ዘላ ተነሳች። አማረኝ አለ! ስንት ጊዜ ስትለምነው የከረመችው ሰውዬ፣ በገዛ አፉ አማረኝ አለ! አምሮት ደግሞ ካልተጣደፉለት ጥሎ ይሄዳል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ቀፊራ ገበያ በረረች። ደበርጃኑን ገዛች፣ ዝኩኒውን ገዛች፣ ቲማቲሙን እየጨበጠች መርጣ ገዛች። ተመልሳም ከታተፈች፣ ደበርጃኑን ጨው ነስንሳ ውኃውን እንዲተፋ አስቀመጠችው፣ አባቷ ጓሮ በጡብ የሠሩትን ምድጃ አነደደች። ከዚያ የብረት ትሪ ከመደርደሪያ ስታወርድ ኳ አለባት።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉ ጋሽ ንጋቱ ከመኝታ ቤት።

«ትሪ ነው አባባ።»

«በትሪ የተጋገረ ቲያን አይባልም። የማዳም ሸክላ የት ሄደ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሸክላውማ እሳቸው ሲታመሙ ጎረቤቷ ረምላ ተውሳው ሄዳለች። ሉሊት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች።

«ረምላዬ፣ አባባ አይበላ ቲያን ካልቀረበ፤ ቲያን አይጋገር ሸክላው ካልመጣ። ሸክላውን ስጪኝ ቶሎ!»

«ሸክላው እንኳ አለ አቦ» አለች ረምላ አፍራ። «ግን ተይዟል።»

እውነትም ተይዟል። ማድ ቤቱ ጥግ፣ ማዳም ትታው የሄደችው ሰፊ ሸክላ ውስጥ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተንሰራፍታለች። ሉሊት እጇን ስትሰድ ዶሮዋ ላባዋን ነፋች።

«ተይ እንዳትነኪያት!» ጮኸች ረምላ። «ባለፈው ሳነሳት እንቁላሉን ሁሉ ጥላብኝ ሄዳለች። አዲስ ጭድ ከጎኗ አንጥፊላት፣ እኔ እንቁላሉን አዛውራለሁ፣ እሷም ተከትላ ትሄዳለች። ያለ ጭድ ግን ዋላሂ አላስነሳትም!»

ጭድ የት አለ? ጭድ ያለው ሸምሱ መጋዘን ነው፤ የሸምሱ መጋዘን ደግሞ ከሉሊት ቤት ፊት ለፊት ነው። መንገዱን ተሻግራ የቆርቆሮውን በር ደበደበች።

«ሸምሱ! አባባ አይበላ ቲያን ካልቀረበ፤ ቲያን አይጋገር ሸክላው ካልመጣ፤ ሸክላው አይመጣ ዶሮዋ ካልተነሳች፤ ዶሮዋ አትነሳ ጭድ ካልተነጠፈ። አንድ እቅፍ ጭድ ስጠኝ!»

«ጭድማ እስከ ጣሪያ ሞልቷል» አለ ሸምሱ ከውስጥ። «እኔም አብሬው አለሁ! ይሄ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ይኸው አንዱ ጋሪውን ገትሮብኝ ከጭድ ጋር ታስሬልሻለሁ። በላብ አለቅኩ በይው!»

ሉሊት በጥድፊያዋ አላየችውም እንጂ፣ ሲሚንቶ የተቆለለበት ጋሪ በሩን በኋላው ተጠግቶ ቆሟል። ባለ ጋሪው ኢብሳ ጭንቅላቱን ይዞ የጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«ኢብሳ ወንድሜ፣ አባባ አይበላ ቲያን ካልቀረበ፤ ቲያን አይጋገር ሸክላው ካልመጣ፤ ሸክላው አይመጣ ዶሮዋ ካልተነሳች፤ ዶሮዋ አትነሳ ጭድ ካልተነጠፈ፤ ጭድ አይወጣ በሩ ካልተከፈተ፤ በሩ አይከፈት ጋሪው ካልሄደ። ንዳው እንጂ!»

«እኔ መንዳት ጠልቼ ነው?» አለ ኢብሳ። «ጎበዜ ነው እምቢ ያለው።»

ጎበዜ አህያው ነው። አራት እግሩን በጠባቡ መንገድ ላይ ተክሎ፣ አንገቱን ወደ ሉሊት ቤት አቅንቶ፣ አንድ ነገር ላይ አፍጥጧል።

«ምታው!» አለ ሸምሱ ከውስጥ።

«ጎበዜን? እኔ ጎበዜን አልመታም! ቢመቱትም ይተኛል እንጂ አይሄድም» አለ ኢብሳ። ወደ ሉሊት ዞሮ ድምፁን ቀነሰ። «አባትሽ ነዋ ያስለመደው። በዚህ ባለፍን ቁጥር በመስኮቱ የካሮት ጫፍ፣ የዝኩኒ ልጣጭ ያጎርሰውና ሂድ ለማለት በፈረንሳይኛ 'አሌ!' ይለዋል። ያን ጊዜ ነው የሚሄድልኝ። ከታመመ ወዲህ በሌላ መንገድ ነበር የምዞረው። ዛሬ ሲሚንቶው ከብዶት መንገዱ ይጠርለት ብዬ በዚህ ባመጣው፣ ይኸው መስኮቱን እያየ ተገተረ።»

ሉሊት ሮጣ የዝኩኒውን ልጣጭ በእፍኟ አመጣች። ጎበዜ አሸተተው፤ መልሶ መስኮቱን አየ። «አሌ!» አለችው። አንድ ጆሮውን ብቻ አዞረ። ኢብሳም «አሌ!» አለ፤ ረምላም በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ «አሌ!» አለች፤ ሸምሱም ከጭዱ ውስጥ «አሌ! ኧረ አሌ!» እያለ ቆርቆሮውን ደበደበ። አህያው ማንንም አልሰማም።

በዚህ መሃል ጓሮ እሳቱ እየከሰመ ነው። ጨው የነካው ደበርጃን ውኃውን ተፍቶ ጨርሷል። አምሮቱስ? አምሮቱም እየሄደ ቢሆንስ! ሉሊት መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባልለየለት ድምፅ ጮኸች።

«ጉድ ፈላ አባባ! አባባ አይበላ ቲያን ካልቀረበ፤ ቲያን አይጋገር ሸክላው ካልመጣ፤ ሸክላው አይመጣ ዶሮዋ ካልተነሳች፤ ዶሮዋ አትነሳ ጭድ ካልተነጠፈ፤ ጭድ አይወጣ በሩ ካልተከፈተ፤ በሩ አይከፈት ጋሪው ካልሄደ፤ ጋሪው አይሄድ ጎበዜ ካልተራመደ፤ ጎበዜ አይራመድ አባባ ካልተነሳ፤ አባባ አይነሳ ካልበላ! አባባ አይበላ ቲያን ካልቀረበ... እንግዲህ እኔ በየት በኩል ልግባ?»

ከውስጥ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ መጣ።

«ቆይ እስኪ። ዶሮዋ የተቀመጠችው ምን ላይ ነው ያልሽው?»

«ሸክላው ውስጥ አባባ።»

«የትኛው ሸክላ?»

«የ... የማዳም ሸክላ።»

«ዶሮ?» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «እኔ የማዳምን ሸክላ በሳሙና እንኳ አላስነካም! ቲያን የሚጋገርበት ሸክላ ውስጥ ዶሮ?»

አልጋው ተንቋቋ። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዱብ አለ፤ እግር ነበር። ሌላውም እግር ተከተለ። ግድግዳውን እየተደገፉ፣ ጋቢያቸው ከኋላቸው እየተጎተተ፣ የረምላን ስም እየጠሩ እየተቆጡ ወደ መስኮቱ መጡ። መስኮቱ ተከፈተ፤ የከሳ ፊት ብቅ አለ፤ ያ ፊት በቁጣ በርበሬ መስሏል።

ቁጣው ግን ጎበዜን ሲያዩ በረደ።

«አንተ» አሉት ቀስ ብለው። «አንተም እዚህ ቆመህ ስትጠብቀኝ ነበር?»

ሉሊት ልጣጩን አቀበለቻቸው። በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው አጎረሱት። ጎበዜ አላመጠ፣ አጣጣመ፣ ዋጠ።

«አሌ!» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

በሉ እንግዲህ ያዙኝ! ጎበዜ ተራመደ፤ ጎበዜ ሲራመድ ጋሪው ሄደ፤ ጋሪው ሲሄድ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ጭዱ ወጣ፤ ከጭዱ ጋር ሸምሱም ወጣ፤ ጭዱ ሲነጠፍ እንቁላሉ ተዛወረ፤ እንቁላሉ ሲዛወር ዶሮዋ ተነሳች፤ ዶሮዋ ስትነሳ ሸክላው መጣ! ረምላ በአመድና በሎሚ ፈተገችው፣ በፈላ ውኃ አለቀለቀችው፣ እንደገና ፈተገችው። ኢብሳ ሲሚንቶውን አድርሶ ማገዶ ተሸክሞ ተመለሰ። ጋሽ ንጋቱም በረንዳ ላይ ወንበር ወጣላቸውና ማዘዝ ጀመሩ።

«ሸክላውን መጀመሪያ በነጭ ሽንኩርት እሺው! ደበርጃኑን ጭመቂው! አታስተኚያቸው፣ አቁሚያቸው! ዘይቱ ላይ አትሰስቺ!»

ሉሊት እሺ ትላለች፣ ታቆማለች፣ ጦስኙን ትነሰንሳለች። ቲያኑ ምድጃ ገባ። ጠረኑ ጓሮውን ሞላ፣ አጥሩን ዘለለ፣ መንገዱን ተሻገረ። ሸምሱ ፀጉሩ ላይ ጭድ እንደተሰካ መጣ፣ ረምላ ዳቦ ይዛ መጣች፣ ጎበዜ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሰገገ።

ሸክላው መሃላቸው ተቀመጠ። ማንም እጁን አልሰደደም፤ ሁሉም የጋሽ ንጋቱን አፍ ያያል። ሽማግሌው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ደገሙ። ሰሐናቸውን በዳቦ ጠርገው ሲያበቁ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ረምላ ደነገጠች። ሉሊት ግን እየሳቀች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንድ ክረምት ሙሉ የናፈቃት ድምፅ ይኼው ነው።

«አሁን ምን ያስለቅስሻል?» አሉ አባቷ ሰሐናቸውን እንደገና እየዘረጉ። «ነገ ጠዋት ቀድሜሽ ተነስቼ እንዴት እንደሚሠራ አሳይሻለሁ። ለጎበዜም ልጣጩን አስቀምጪለት።»

ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሸክላውን ግን ዶሮ ሳይገባበት መልሱ።